ያልተራገፈችው ጫማ

በሶራማት ምድር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ጠቆረች። ደመና አልነበረም፤ ከዘርማ ረግረግ የተነሣ የነዲድ ትንኝ መንጋ ነበር። ነዲድ የነደፈችው ሰው በትኩሳት ይቃጠላል፤ ሳምንት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሕዝቡ በድንጋጤ ወደየበሩ መቃን ቀና ብሎ አየ። መቃኑ ባዶ ነበር።

ከጥንት ጀምሮ በሶራማት በእያንዳንዱ ቤት መቃን ላይ ሆዷ የቀላ ጥቁር ሸረሪት ትኖር ነበር። መርዟ በሬ ይጥላል። ሰዎቹ ግን «ደጅ ጠባቂ» ይሏት ነበር፤ ነዲድን በድሯ ይዛ የምታስቀርላቸው እሷ ነበረችና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የሶራማት ድር ያሰረው ከአንበሳም የከፋውን ነው። አብሮ የመኖሩም ሥርዓት ቀላል ነበር፦ ስትገባ መቃኑን ቆርቁር፣ ከመቃን በላይ መጥረጊያ አታንሣ፣ ጫማህን ሳታራግፍ አታጥልቅ። የሶራማት ሕፃን «እማዬ» ማለትን በተማረ ማግስት «አራግፍ» ማለትን ይማር ነበር።

የንጉሥ አርጋድ ትንሽ ልጅ ልዑል ኤላም በጫማው ውስጥ ባደረች ሸረሪት ተነድፎ በሞተ ጊዜ ግን ሥርዓቱ ፈረሰ። ንጉሡ ማቁን ሳያወልቅ ዐዋጅ አስነገረ፤ የሀገሩ ድር ሁሉ በችቦ ተቃጠለ። የመጀመሪያውን ችቦ ያነሣችው የኤላም ታላቅ እኅት ልዕልት ሐራይት ነበረች። ወንድሟን እንደ ዐይኗ ብሌን ትወደው ነበርና ድሩ ሲነድ እያየች አንጀቷ ራሰ። አሁን ግን የሰው ልጆች በየደጁ ሲረግፉ ባየች ጊዜ ያ ደስታዋ መረራት። ከአባቷም ዙፋን ፊት ቆመች።

«ጃንሆይ፣ ወደ እመ ድር ዋሻ ልውረድ። የሸረሪቶች ሁሉ እናት ካልታረቀችን ሶራማት ባድማ ትሆናለች።»

«ከወንድምሽ ገዳዮች ጋር ልትታረቂ?» አለ ንጉሡ። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የወንድሜ ዐጥንት ይፋረደኝ፤ እርቅ ሳልይዝ አልመለስም!»

ጦር ውርወራ ያስተማራት ሽማግሌው አዛዥ ድልነሣ አብሯት ተነሣ። ገላቸውን ጭቃ ቀብተው፣ በወፍራም በርኖስ ተጀቡነው ረግረጉን ተሻገሩ፤ በገደሉም ወገብ እየተንጠላጠሉ ወረዱ። ከዋሻው አፍ ላይ ጦራቸውን አስቀመጡ። ሐራይት ተራራ የሚያህል አውሬ ጠብቃ ነበር። እመ ድር ግን ከመዳፍ አትበልጥም። ድምጿ ብቻ ዋሻውን ሞላው።

«ምን ልትዪ መጣሽ፣ የአርጋድ ልጅ?»

«ወንድሜን ገድላችኋል፤ እኛም ቤታችሁን አቃጥለናል። እንታረቅ።»

«እኛ የምንነድፈው ስንጨፈለቅ ነው። ለመሆኑ ለልጁ ጫማውን ማን አጠለቀለት?»

ሐራይት ታውቅ ነበር። በዚያ ማለዳ አባቷ ለአደን ቸኩሎ፣ እየሳቀ፣ የኤላምን እግር በገዛ እጁ ጫማው ውስጥ ሲከት አይታለች። አላራገፈም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ራሷም ልታስበው ፈርታ ኖራለች።

«ቃል ኪዳናችን በመርዝ የሚታሰር ነው» አለች እመ ድር። «የመጀመሪያው ንጉሣችሁ እጁን ለመርዛችን ሰጥቶ ሞተ፤ ሕዝቡም ኖረ። አሁንም ያፈረሰው እጅ ይሰረው።»

«የእኔን እጅ ውሰጂ! ችቦ ያነሣ እጅ ነው!»

«እኔን ውሰጂ» አለ ድልነሣም። «እድሜ ጠግቤያለሁ።»

«ችቦው ከጫማው በኋላ የመጣ ነው። ወደ አባትሽ ውሰጂኝ። በክፍት መዳፍሽ ያዥኝ፤ ከጨበጥሽኝ ግን እነድፍሻለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው።»

ሐራይት የአባቷን ሞት በመዳፏ ይዛ መንገድ ጀመረች። እንባዋ ይወርዳል፤ እንዳትጠርገው እጇ ይናወጣል ብላ ፈራች። ከረግረጉ ሲደርሱ መንጋው ወረደባቸው። ድልነሣ በርኖሱን አውልቆ በሁለት እጁ እንደ ድንኳን በላይዋ ዘረጋ። ነዲዶች ክንዱንና ፊቱን አለበሱት።

«አዛዥ፣ ይሸፈኑ እንጂ!»

«ወደ እኔ አትይ፣ እመቤቴ! መዳፍሽን ተመልከቺ!»

እስከ ከተማው በር ድረስ በርኖሱን አላወረደም። እዚያ ሲደርሱ በጉልበቱ ወደቀ፤ ዘበኞችም በትኩሳት የሚንቀጠቀጠውን ሽማግሌ ተሸክመው አስገቡት።

ንጉሥ አርጋድ ከቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ወጣ። የልጁን መዳፍ አየ፤ ማንም ሳይነግረው ገባው።

«ነገረችሽ?»

«ሳትነግረኝም አውቅ ነበር፣ አባዬ።» አለች ሐራይት። «እምቢ ቢሉ አልፈርድብዎትም። ልጅዎ ነኝ።»

ንጉሡ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ከዚያም ከእልፍኙ የኤላምን አንዲት ትንሽ ጫማ አመጣ፤ በደጃፉ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ገለበጣት።

«የሶራማት ሰዎች ሆይ! ልጄን የገደለው ሸረሪት አይደለም፤ የእኔ ችኮላ ነው። ኀፍረቴን ልሸፍን ብዬ ጠባቂዎቻችሁን አቃጠልኩ፤ ልጆቻችሁንም አስፈጀሁ። ይቅር በሉኝ።»

ጫማዋንም በቀስታ አራገፋት። ምንም አልወደቀም። ለሐራይት ሰጣትና የእጁን ጀርባ በመቃኑ ላይ አሳረፈ። እመ ድር ከመዳፍ ወደ መዳፍ ተሻገረች። ንጉሡም ጣቶቹን በቀስታ ጨበጠ።

ያን ቀን ሳይመሽ ከየግንቡ ስንጥቅና ከየዛፉ ቅርፊት ደጅ ጠባቂዎች ወጥተው በየመቃኑ ድራቸውን ዘረጉ። የነዲድ መንጋ እየተያዘ ሳሳ፤ አዲስ የታመመ ሰው አልተሰማም። አዛዥ ድልነሣም ተረፈ፤ ክንዱ ግን ከዚያ ወዲህ ጦር አላነሣም። ንጉሥ አርጋድን ከልጁ አጠገብ ቀበሩት።

ንግሥት ሐራይት ያቺን ትንሽ ጫማ በእልፍኟ መቃን ላይ ሰቀለቻት። ክረምቱ ሳይወጣ አንዲት ሸረሪት ገብታ በውስጧ እንቁላሏን ጣለች፤ አፏንም በድር ዘጋችው። አገልጋዮቹ ደንግጠው ንግሥቲቱን ጠሯት። ሐራይት መቃኑን በጣቷ ቆረቆረችና ቀና ብላ ጥቂት ቆየች።

«ተዉአት» አለቻቸው፤ «ልጆች ተኝተዋል።»

በሶራማት ምድር ሳትራገፍ የምታድር ጫማ እስከ ዛሬ እሷ ብቻ ናት።