ነጭ ዘይት

ከኋላ አክስሉ የወረደው ዘይት ነጭ ነበር።

መካኒኩ ጉጠት በጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ እንደቆመ ጣቱን ነከረና አሻሸው። ቀጭን ነው። ውሃ ገብቶበታል። ከራሱ በላይ የቆመው የበረሃ መኪና ገና ከወንዝ መውጣቱ ነው፤ ከሆዱ ጭቃ ይንጠባጠባል።

ሊሆን አይችልም።

የዚህን መኪና መተንፈሻ የሚያጸዳው እሱ ራሱ ነው።

«ምን አየህ፣ ሳንባ?» አለ ሾፌሩ ከላይ ጎንበስ ብሎ።

«ወተት ይመስላል፣ ጋሼ።»

«እኔ የጫንኩት መለዋወጫ ነው! ወተቱን ከየት አመጣሁት?» ሾፌሩ በራሱ ቀልድ እየሳቀ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

የጋራዡ ሰዎች ሳንባ የሚል ስም ያወጡለት የአክስል መተንፈሻ ነገር ከተነሳ አፉ ስለማይዘጋ ነው። «መኪናም ይተነፍሳል» ይላል፣ ለሰማውም ላልሰማውም። አክስል፣ ጎማዎቹን የሚያዞረው ብረት፣ ብዙ ሲሄድ ይግላል። እንደጋለ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ የሚስበው አየር ነው። ከተደፈነ ግን በዘይት ማገጃው ጎማ በኩል ውሃ ይምጋል። ስለዚህ ጉጠት ከአክስሉ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ቀጥሎ ውሃ ከማይደርስበት ከሞተሩ አናት አውጥቶታል። በየሳምንቱ ቱቦውን አጥቦ በአፉ እየነፋ ይፈትነዋል።

አንድ ነገር ብቻ ለማንም አይናገርም። በዚያ ቱቦ ጫፍ መልእክት ይልካል።

ጉጠት የምስጢር ስሙ ነው። በዚህ ጋራዥ መካኒክ መስሎ ከገባ ስምንት ወር ሆነው። የጋራዡ ባለቤት፣ ሁሉም ሻለቃ የሚለው ጡረተኛ፣ ወንዙን አሻግሮ ለታጣቂዎች ፈንጂ ይሸጣል። ሾፌሩ መለዋወጫ እየጫነ ይመላለሳል እንጂ ስለ ፈንጂውም ሆነ ስለ መልእክቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ማዶ ላይ ጎማ የምትጠግን ሴት አለች፤ የምስጢር ስሟ እህት ነው። «ለራዲያተሩ ውሃ ልጨምርልህ» ብላ ኮፈኑን ትከፍትና ከቱቦው ጫፍ ባቄላ የምታክል የናስ ቀፎ ታወጣለች። ቀፎዋ ከዳር እስከ ዳር የተበሳች ናት። ወረቀት ይዛም አየር ታሳልፋለች።

ይህን ዘዴ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። እሱ፣ እህት፣ እና የላካቸው አለቃ፣ አጎት።

ዛሬ ግን ማዶ ያለው ኬላ ተዘግቶ ሾፌሩ እህት ዘንድ ሳይደርስ ተመልሷል።

ጉጠት ከጉድጓዱ ወጣ። ኮፈኑን ከፈተ። በወረንጦ ቀፎዋን ሳባት።

ናስ ናት። መጠኗም ያው። ቀዳዳ ግን የላትም።

ዘይቱን ያነጣው ይህ ነው። ቀፎዋን የቀየረው ሰው ዘዴውን ያውቃል፤ ሙያውን ግን አያውቅም። ወረቀቱን ፈታ። በራሱ የምስጢር ፊደል የተጻፈ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ግን የሌላ ሰው። «ነገ ጠዋት። ታችኛው መሻገሪያ።»

እሱ የጻፈው «ላይኛው» ብሎ ነበር።

ጓዶቹ ታች ሲጠብቁ ሦስት መቶ ሳጥን ፈንጂ በላይ በኩል ያልፋል ማለት ነው። ማን? እህት ወደዚህኛው ዳርቻ ረግጣ አታውቅም። እሱ ራሱን አልሸጠም።

አንድ ሰው ቀረ።

ከበሩ በኩል የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ጉጠት ወረቀቱን ጠቅልሎ የሐሰቱን ቀፎ ወደ ቱቦው መለሰ። ኮፈኑን ሳይዘጋው ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

«የእህቴ ልጅ! የት ገባህ?»

አጎት ነው። ለጋራዡ ሰዎች የእናቱ ወንድም ነኝ ብሎ ይመጣል፤ ለዘበኛውም ሰላምታ አይነፍግም። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አንድ ጊዜ ጉጠትን ከነቁስሉ ተሸክሞ ሦስት መንደር አቋርጧል።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለምን ተመለሰ?»

መኪናው ከገባ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ጉጠት ለማንም አልደወለም።

«ኬላው ተዘግቶ ነው» አለ።

«ተከፍቷል። አሁኑኑ ይሂድ።»

«ዘይቱ ውሃ ገብቶበታል። ካልተቀየረ አክስሉ በረሃ ላይ ነክሶ ይቆማል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት።»

«እቃውን ነካኸው?»

«ምን አስነካኝ?»

አጎት ፈገግ አለ። ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አላወጣም።

ጉጠት አክስሉን በናፍጣ አጠበ። አዲስ ዘይት ሞላ። በመካከሉ፣ ጀርባውን ለአጎት ሰጥቶ፣ በእርሳስ ጻፈ። «ላይኛው። አጎት ሸጦናል። ሾፌሩን አስቀሩት።» ከመሣሪያ ሳጥኑ መጠባበቂያ ቀፎ አወጣ። የተበሳችውን። ወረቀቱን ከተተና በጉንጩ ያዛት።

ወጣ። ወደ ኮፈኑ ሄደ።

አጎትም ተነሳ።

«ምን ቀረ?»

«ቱቦው።»

«አሳየኝ።»

ጉጠት የቱቦውን ጫፍ አዞረለት። አጎት በእጅ ባትሪ አየ። ናሷ ብልጭ አለች። ራሱን ነቀነቀ፤ ግን አልራቀም። ትንፋሹ ማጅራቱ ላይ ይሰማዋል።

ጉጠት ቱቦውን እንደ ወትሮው ወደ አፉ አስገባ። በየሳምንቱ ሲያደርገው ሁሉም አይቶታል።

አልነፋም። ሳበ።

የሐሰቷ ቀፎ ምላሱ ላይ ወደቀች። ሌላዋን በምላሱ ገፍቶ አስገባ።

«ጉጠት» አለ አጎት በሹክሹክታ።

መልስ መስጠት አልቻለም።

«ጉጠት፣ እየጠራሁህ ነው።»

አጎት አንድ እርምጃ ቀረበ። የኮቱ ኪስ ተነሳ።

ጉጠት ዘይት እንደዋጠ ሰው ትን አለው። ጎንበስ ብሎ በጨርቁ ውስጥ ሳለ፣ ተፋም። ጨርቁን ጨብጦ ቀና ሲል ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ነበር። እንባው የሳል ብቻ አልነበረም።

«ይህ ዘይት ሆዴን ጨረሰው» አለ።

አጎት የቱቦውን ጫፍ ደግሞ አየ። ናስ። በቦታው ናት። ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጎበዝ ልጅ።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ጉጠት መስኮቱን ተደገፈ።

«ጋሼ፣ ከተሻገርክ እዚያው ሰንብት። ሦስት ቀን አትመለስ።»

«ምነው? አክስሉ አላስተማመነህም?»

«አክስሉ ደህና ነው። ብቻ... እሺ በለኝ።»

«ባለቤቴ ነገ ከሐኪም ቤት ትወጣለች፤ ማን ያውጣት?» ሾፌሩ ሳቀ። «አይዞህ፣ አንተ ያየኸው መኪና ከድቶኝ አያውቅም።»

አጎት ከኋላ እያየ ነበር። ጉጠት እጁን ከመስኮቱ አነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ፈንጂው በላይኛው መሻገሪያ ተያዘ። አንድም ሳጥን አልተረፈም። አጎትን ፀጉር አስተካካይ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ጓዶቹ ያዙት።  ውሃ ብቻ ጠየቀ።

ሾፌሩን እህት ለምናው ነበር። ጎማህ አይሆንም፣ እደር አለችው። አደረም። ጠዋት ፈንጂው ከተያዘ በኋላ ግን ሳታየው ተነስቶ ተሻገረ። የሻለቃ ሰዎች በዚህኛው ዳርቻ ቆመው ነበር። ትናንት የተሻገረ መኪና የእሱ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈለጉም። ብዙም ሳይጠይቁት ገደሉት።

ጉጠት ይህን የሰማው ሊሸሽ ሲል፣ ከጋራዡ ዘበኛ አፍ ነው። ከጓዶቹ የደረሰው ትእዛዝ ግልጽ ነበር። በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ውጣ፤ ወደ ኋላ አትይ።

አውቶቡሱ ያለ እሱ ሄደ።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት በፌስታል ልብሷን ታቅፋ መንገዱን ታያለች። መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። ጉጠት ቀረበ።

«እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት ነዎት?»

«እሱ ልኮህ ነው?» ፊቷ በራ። «ቀረ ብዬ ስጨነቅ!»



«አዎ» አለ። «እሱ ነው የላከኝ።»

ፌስታሉን ተቀበላት። ታክሲ ይዞ ከእህቷ ቤት አደረሳት። መንገዱን ሙሉ አወራችው፤ ባሏ ሾርባ አብስላለሁ ብሎ ድስት እንዳሳረረ፣ ዶክተሩ ጨው እንደከለከላት። በሩ ላይ ሲደርሱ እህቷ ወጥታ ደግፋ ተቀበለቻት። የእህቷ ዓይን ቀልቷል። ጉጠትን አየችው።

«ልጄ» አለች ሴትዮዋ ዞር ብላ፣ «ሲመጣ ማን አደረሰኝ ልበለው?»

«መካኒኩ ይበሉት።»

በሩ ተዘጋ። ጉጠት ሁለት ቤት እንዳለፈ የመጀመሪያውን ጩኸት ሰማ። አልቆመም። ከገበያው ወደሚመለሰው ሕዝብ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ማንኛው እሱ እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።