አምስተኛዋ ፍየል

ከአራት መቶ ዓመት በፊት የታረደችው ፍየል ዛሬም ጠዋት ሳለች። በቤተ ሙከራው ውስጥ ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። «ቆዳ ቀስቃሹ» ሲሞቅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። መሣሪያው ብራናን ቀስ አድርጎ ያሞቅና ቆዳው በሕይወትም ሆነ ከዚያ በኋላ የሰማውን ድምፅ መልሶ ያሰማል።

አስካለ መሣሪያው ላይ የዘረጋችው ክታብ ወለተ ጽዮን የምትባል ሴት በአንገቷ ታንጠለጥለው የነበረ ነው። ተቋሙ ከእነዚህ የጥንት ክታቦች የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደብተራዎቹ ሲጽፉ በሹክሹክታ ያነሷቸው ነበር የሚባሉትን ኅቡእ ስሞች። የደብተራዎቹ ጥበብ ምንጭ እዚያ ውስጥ ተደብቋል ተብሎ ይታመናል።

ከሳሉ በኋላ ግን ሌላ ፍየል ጮኸች። ቀጥሎ ሌላ። አምስት ሲሞሉ መሣሪያው ቀይ መብራት አብርቶ ቆመ።

«የተጣጣፈ ነው» አለ የክፍሉ ኃላፊ ልዑልሰገድ። አስካለ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው ልጅ ነው። «እትዬ፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ እናስቀርና ሌላውን ቆርጠን እናስወግድ። መሣሪያው ከአንድ ቆዳ በላይ አይቀበልም።»

«እሱ ባይቀበል እኔ እቀበላለሁ።»

«እርስዎ ደግሞ! ለፍየል ጥብቅና ሊቆሙ ነው?»

«ከፍየሎቹ ጋርስ ተግባብተናል። ያስቸገርከኝ አንተ ነህ።»

ክታቡን አንሥታ ወለሉ ላይ ዘረጋችው፤ አጠገቡም ተንበረከከች። ክታብ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው የሚቆረጠው። የመጀመሪያው ቁራጭ የአራስ ልጅ ቁመት አይሞላም። እስከ ሁለተኛው ስፌት ሲለካ ድክድክ የምትል ሕፃን ያህላል። ሦስተኛውና አራተኛው ሲጨመሩ እስከ አስካለ ትከሻ የምትደርስ ልጅ አከለ። በየቁራጩ ላይ የተለያየ እጅ፣ ለሳል፣ ለንዳድ እያለ፣ ያንኑ የወለተ ጽዮንን ስም ጽፏል። አምስተኛው ላይ አንድ ፊደል እንኳ የለም።

«ና እየው፣ ልዑል። ባደገች ቁጥር ይቀጥሉላት ነበር።»

«ይሄኛው ግን ባዶ ነው።»

«ያልደረሰችበት ቁመት ነው። ቀድመው ሰፍተው ጠበቋት።»

በሩ አጠገብ፣ ከአስካለ ጋዋን ጎን የተሰቀለ፣ ልጇ ሳይለብሰው የቀረ የወንድ ጋዋን አለ፤ ስለ እሱ የሚጠይቃት የለም። የልዑልሰገድ ዓይን እዚያ አርፎ ተመለሰ። ቢሆንም መቀሱን አነሣ።

«ያሳዝናል፣ እትዬ። እኛ የምንፈልገው ግን ስሞቹን ነው። አላስቆርጥም ካሉ ከዚህ ክፍል ይወጣሉ።»

«እወጣለሁ። መቀሱን አስቀምጠው።»

አላስቀመጠውም። አስካለ ግን እጇን ዘርግታ የመሣሪያውን ማጣሪያ አጠፋችው። ማጣሪያው ኅቡእ ስሞችን ብቻ እንዲለቅም የተሠራ ስለሆነ ተራ የሰው ንግግርን ሁሉ እንደ ጫጫታ እየጣለ ኖሯል። ከዚያ መሣሪያውን እንደገና አስነሥታ፣ ቆዳውን የሚያሞቀውንና የሚያዳምጠውን ጆሮውን ከነሽቦው ስባ ባዶው ቁራጭ ላይ አሳረፈችው።

አምስተኛዋ ፍየል ጮኸች። መርፌ ቆዳ ሲበሳ ተሰማ። ቀጥሎ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፤ የደከመ፣ ግን የሚቆጣ።

«ተነሺ እስቲ፣ ወለተ ጽዮን። ስትድኚ እዚህ ድረስ ነው የምትሆኚው። ተነሺና ልለካሽ።»

የመለሰላት የለም። መርፌው እንደገና ቆዳውን በሳ።

«ቁሚ እንጂ!»

በቤተ ሙከራው ውስጥ ራሶች ሁሉ ቀና አሉ። ልዑልሰገድ መቀሱን እንደያዘ ቀረ።

ተንበርክካ የነበረችው አስካለ ቆመች።