የቺጉሳ ትራስ

ያመነ ይመን፤ ያላመነ ለሀዘኔ ሲል ዝም ይበል። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ ነበር፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ፀሐዩ ጠራራ...

አዋጂ ደሴት ላይ፣ ባሕሩ ዳር፣ የዕጣን ዘንግ የምንሠራበት ቤት ውስጥ።

ሥራዬ ሽታ መዳኘት ነው። ቅይጡ ተቦክቶ፣ በቀጫጭኑ ወጥቶ በምዕራብ ነፋስ ከደረቀ በኋላ አንዱን ዘንግ ዝግ ክፍል ውስጥ እንለኩሰዋለን። እዚያ ክፍል አበባ አይገባም። የሰው ዕቃ አይገባም። ወሬ ካስፈለገም በሹክሹክታ ነው።

ያን ቀን የምንዳኘው የልጄን ነበር።

ቺጉሳ... አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሚያዝያ ሲገባ አረፈች።

እኛ ዘንድ ሙት አርባ ዘጠኝ ቀን መንገድ ላይ ነው። ምግቡም የዕጣን ሽታ ብቻ ነው። ቀኑ ሲሞላ የመሰናበቻው ዘንግ ይለኮሳል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ይሄዳል። ካልሄደ ግን... ከሙታኑም ከእኛም ሳይሆን ይቀራል።

የእሷ ቀን በማግስቱ ነበር።

ዘንጉን ለኮስኩ። ሰንደል፣ ቅርንፉድ፣ ትንሽ ቀረፋ። የምትወደው ቅይጥ። ጠበቅን...

ምንም።

አብረውኝ የሚዳኙት ሽማግሌው ጋሽ ጊሳኩ በጎን አዩኝ።

«ትናንት ነጭ ሽንኩርት በልተሃል?»

«እኔ? የእርስዎ አፍንጫ ጡረታ ይውጣ እንጂ።»

«ያንተ መቼ ሥራ ጀመረና!»

ፈገግ አልኩ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሌላ ለኮስኩ። ጫፉ ቀላ። ጢሱ ወጣ። ሽታ ግን የለም...

ጋሽ ጊሳኩ እጅጌያቸውን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ። ዕድሜ ልኩን ዕጣን የጠጣ እጅጌ ነው፤ ታጥቦም አይለቅም።

«ይሄም ሄዷል» አሉ። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ።

ያኔ ነው ጢሱን ልብ ያልኩት።

ቀጥ ብሎ አይወጣም። በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ። ጢሱ ግን ወደ ጥጉ ያጎነብሳል። የተቀመጠ ሰው አፍ የሚሆንበት ቦታ ሲደርስ... ይጠፋል።

ይሳባል። ይቆማል። ይሳባል።

ሦስቴ አጭር... አንዴ ረጅም።

ያን አተነፋፈስ አውቀዋለሁ። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስሰማው የከረምኩት ነው።

ጥጉ ላይ ሰማያዊ የመቀመጫ ትራስ ነበር። ጠዋት ስጠርግ አልነበረም።

የቺጉሳ ትራስ።

መሃሉ ጎድጉዷል...

«ማነው ይህን እዚህ ያስገባው?» አሉ ጋሽ ጊሳኩ።

በሩ ተንሸራተተ። ባለቤቴ ኦሪዬ ደፉ ላይ ተንበርክካለች። ፀጉሯን ዘይት ስለምትቀባ ወደዚያ ክፍል ገብታ አታውቅም። የዘይቷ ሽታ ሽው አለኝ። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሽታ እሱ ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቤት የምናጨሰው አንድ አንድ ዘንግ ነው። ለልጅ ይበቃል? እዚህ ቀኑን ሙሉ ይለኮሳል።»

«ኦሪዬ... ነገ እኮ ትሄዳለች።»

«በመጨረሻ የሩዝ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሏት ነበር። ማንኪያውን ሳስጠጋላት ፊቷን ታዞራለች። ታስታውሳለህ? አሁን ግን እያት... እየበላች ነው።»



ጋሽ ጊሳኩ ዝቅ ብለው፣ «ልጄ» አሏት፣ «መንገደኛን እዚያው እያበሉ ካስቀመጡት መቼ ይነሳል? እያጎረስሽ ልታስቀሪያት ነው።»

«ትቅር!»

በዚያ ክፍል ሰው ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

ጢሱ ቆመ።

ሳጥኑ ውስጥ ያልተለኮሱትን ዘንጎች አንስቼ አሸተትኩ። ባዶ። እንደ ደረቅ ጭራሮ። ሁሉንም ጨርሳለች...

ልጄ አልጠገበችም። መንገድ ላይ ተርባ ነበር።

«ነገን አትጠብቅ» አሉኝ ጋሽ ጊሳኩ። «ክፈት።»

ወደ ምዕራቡ መስኮት ተነሳሁ። ኦሪዬ እግሬን ያዘች።

«አትክፈተው... ትንሽ ቆይ። አንድ አፍታ ብቻ።»

«የእኔም ልጅ ናት፣ ኦሪዬ። መንገድ ላይ አንተዋት።»

እጇ ላላ። በጉልበቷ ሄዳ ትራሱ ላይ አጎነበሰች። ፀጉሯን ፈታችው፤ ወደ ጎድጓዳው ወረደ።

«ብዪ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «ብዪና ሂጂ።»

የፀጉሯ ጫፍ ተነቃነቀ።

ሦስቴ አጭር... አንዴ ረጅም።

የዘይቷ ሽታ ሳሳ። ሳሳ... ጠፋ።

መስኮቱን ከፈትኩት። የምዕራብ ነፋስ ፊቴን መታኝ፤ የሳር ምንጣፉን ጫፍ አነሳው። ጢሱ ግን ነፋሱን ተቃርኖ፣ በጆሮዬ ሥር አልፎ፣ ወደ ባሕሩ ወጣ። ሲያልፍ ሸተተኝ... ሰንደሉ፣ ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኦሪዬ ፀጉር።

ትራሱ ቀስ ብሎ ተነፋ።

ጋሽ ጊሳኩ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፍተው አለቀሱ። ኦሪዬ አላለቀሰችም። «በላች» አለች ብቻ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ኦሪዬ ደህና ናት። ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ከጎኔ ትተኛለች። ፀጉሯንም በየጠዋቱ ዘይት ትቀባለች። እኔ ግን አንገቷ ሥር አፍንጫዬን ስደፋ ምንም ሽታ የለም። ውሻችንም እሷ ስትገባ ቀና አይልም።