የሚልካ ቢጫ ጣት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ሞተር ልናስነሣ ነው። ድፍ ድፍ ድፍ!

ይቺ ሞተር ዳክዬ ትባላለች። ጎማዋ ሦስት ነው፤ አንድ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ።

እንዲህ ያሳመረቻት እማዬ ናት። ቀይ ወንበር አሠራችላት፣ የፀሐይ ጥላ ሰፋችላት፣ በጥላው ዙሪያ ዘርፍ አንጠለጠለችላት።

የምትነዳትም እማዬ ናት፤ ከኋላዋ ቀዩ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ደግሞ ልጇ ሚልካ ናት። ቀበቶዋን አስራ፣ ሄልሜቷን አድርጋ፣ መንገድ ዳር ላሉ ልጆች ሁሉ እጇን ታወዛውዛለች።

እሑድ እሑድ የሐዋሳ ሞተረኞች ጋሽ ዳንጊሶ ግቢ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ተሰልፈው ሩቅ ይሄዳሉ።

ግን ዝም ብለው አይነሡም። መጀመሪያ የሁሉም ሞተር ብሎን መጥበቅ አለበት።

የራሱን የሚያጠብቅ የለም፤ አንዱ የሌላውን ነው። ያጠበቀውም ሰው ብሎኑ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ ይቀባል።

ቢጫ ማለት «ይሄን በእጄ አጥብቄዋለሁ» ማለት ነው።

በሉ አብረን እንበል፦ ክርር! ክርር! ጥብቅ! ከዚያ ቢጫ።

አንድ እሑድ ጠዋት ሌሎቹ ሰባት ሞተሮች ሁሉ ቢጫ በቢጫ ሆነው ነበር። ዳክዬ ብቻ ተራዋ አልደረሰም፤ አንድም ነጥብ የላትም።

ሚልካን ከፋት። ዳክዬ ከሁሉም በላይ እንድታምር ትፈልጋለች።

የቀለሙ ቆርቆሮ ደግሞ እዚያው መሬት ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ማንም አያያትም!

ጣቷን ነከረች። ጠብ!

አንዱን ብሎን ቀባች፣ ሌላውንም ቀባች። ጠብ! ጠብ! ጠብ! የዳክዬ ጎማ አበባ የያዘ መሰለ።

ክርር የለ፣ ጥብቅ የለ። ቢጫ ብቻ።

ጋሽ ዳንጊሶ መጥተው ዳክዬን አዩ። ሌላዋ ሞተረኛ እትዬ ላምሮት ያጠበቋት መሰላቸው።

እትዬ ላምሮትም አዩ። ጋሽ ዳንጊሶ ያጠበቋት መሰላቸው።

«የዳክዬም አልቋል፤ እንነሣ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

ያኔ ሚልካ ክው አለች። ለካ ዳክዬን ማንም አላጠበቃትም!

ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን ሰው ሁሉ «ዳክዬ ዛሬ እንዴት አምራለች!» ይላል። ሚልካ አፈረችና አፏን መልሳ ዘጋችው።

ቢጫዋን ጣት ኪሷ ውስጥ ደበቀቻት።

ድፍ ድፍ ድፍ! ሰልፉ ከከተማ ወጣ።

መንገድ ዳር ልጆች እየዘለሉ እጃቸውን አወዛወዙ። ሚልካ ግን አላወዛወዘችም፤ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው።

አፍራለች፤ በጣም አፍራለች።

ትንሽ እንደሄዱ ከስሯ አንድ ድምፅ ሰማች። ኳ!

እማዬ አልሰማችም፤ ሄልሜቷና ሞተሩ ጆሮዋን ይዘውታል። ሚልካም ያልሰማች ለመምሰል ወደ ዛፎቹ ዞረች።

ኳ! ኳ!

ሚልካ ጎንበስ ብላ አየች። የግራ ጎማዋ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ኳ! ኳ! ኳ! ከፊታቸው ደግሞ ትልቅ ቁልቁለት አለ።

ከተናገረች ሁሉም ያውቅባታል። ካልተናገረች ጎማዋ ትወልቃለች፤ እማዬም ትወድቃለች።

ሚልካ ቢጫዋን ጣት ከኪሷ አወጣች። የእማዬን ትከሻ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ነካች። በእነሱ ቋንቋ «ቁሚ» ማለት ነው።

እማዬ እጇን ወደ ላይ አነሣች። ሰልፉ ሁሉ ቀጥ አለ።

ሁሉም ሄልሜታቸውን አውልቀው ወደ ሚልካ ዞሩ። ሚልካ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች!

ዐይኗን ጫማዋ ላይ ተከለች። ድምጿ ትንሽዬ ሆነ።

«ቢጫውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ዳክዬን ማንም አላጠበቃትም።»

ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ጋሽ ዳንጊሶ ጎማዋ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ብሎኖቹን ሲነኳቸው በጣት ብቻ ዞሩ፤ አንዱ እንዲያውም ወድቆ ጠፍቷል።

እማዬ ቁልቁለቱን አየች፣ ጎማዋን አየች፣ ሚልካን አየች። ለሚልካ ያ አስተያየት ከቁጣ ሁሉ ባሰባት።

ጋሽ ዳንጊሶም ቀና አሉ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር።

«እኔም አፍሬያለሁ» አሉ። «ቀለም አይቼ አለፍኩ፤ በእጄ አልነካሁም።»

እትዬ ላምሮትም ወደ መሬት እያዩ እሳቸውም እንደዚያው እንዳደረጉ ተናገሩ።

ሚልካ ገረማት። ለካ ትልልቅ ሰዎችም ያፍራሉ!

«በሉ፣ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ፤ ከሞተራቸውም ሳጥን ጨርቅ፣ መፍቻና የቀለሙን ቆርቆሮ አወጡ።

ሚልካ የቀባቻቸውን ሁሉ በቢጫ ጣቷ እየጠቆመች አሳየች። እዚህ፣ እዚህ፣ ደግሞ እዚህ። በእያንዳንዷ ነጥብ እንደገና አፈረች፤ ግን አንዷንም አልደበቀችም።

ሰዎቹ ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቋት። አንድም ሰው አልጮኸባትም።

ነጥቦቹ ተጠርገው አለቁ። ለጠፋው ብሎን ጋሽ ዳንጊሶ ከኪሳቸው ሌላ አወጡ።

ክርር! ክርር! ጥብቅ! ከዚያ ቢጫ።

የመጨረሻዋ ብሎን ስትቀር ጋሽ ዳንጊሶ መፍቻውን ለሚልካ ሰጧት። ትንሿ እጅና ትልቁ እጅ አብረው ያዙት።

ክርር! ክርር! ጥብቅ!

የቀለሙን ቆርቆሮ ሲያቀርቡላት ሚልካ ወደ ኋላ አለች። መጀመሪያ ብሎኗን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገቻት፤ አልተነቃነቀችም።

ከዚያ አንዲት ነጥብ ቀባች። አንዲት ብቻ።

ድፍ ድፍ ድፍ! ዳክዬ ቁልቁለቱን ቀስ ብላ ወረደች። ኳ የሚል ነገር የለም።

መንገድ ዳር አንዲት ሕፃን እጇን አወዛወዘች። ሚልካ ትንሽ አሰበችና ቢጫዋን ጣት አውጥታ አወዛወዘችላት።

ማታ ቤት ገብተው እማዬ ጣቷን በሳሙና አሸችላት፣ አሸችላት። ቢጫው እምቢ አለ።

አልጋዋ ላይ ስትወጣ ሚልካ ቀስ ብላ ጠየቀች። «እማዬ፣ ተቀይመሽኛል?»

«ደንግጬ ነበር» አለች እማዬ። «ትከሻዬን ስትነኪኝ ግን ከመውደቅ አዳንሽኝ።»

ከዚያ ብርድ ልብሷን በቀኝ በኩል ሸጎጥ አደረገችላት። ክርር!

በግራም ሸጎጥ አደረገችላት። ክርር!

እግሯም ስር ሸጎጥ። ጥብቅ!

በእጇ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ ጥብቅ ማለቱን አየች። ከዚያም የሚልካን አፍንጫ በጣቷ ጠብ አደረገቻት።

«ቢጫ» አለች ሚልካ፤ እንቅልፍም ወሰዳት።