ስሙ ያልተጠራው ማር

ፈትለወርቅ በዚያ ኅዳር እሳት ጎርሳ ነበር የከረመችው። ማንም አይፈርድባትም። ሙሉቀን ከስማዳ ቆላ ሦስት ሽማግሌ ልኮ ለትዳር ሲያስጠይቃት፣ አባቷ አቶ በላይነህ ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ «ልጄን ለወባ አልድርም፤ እኛና ቆለኛ ምን አገናኘን?» ብለው መለሷቸው።

ምን አገናኘን! ንፋስ መውጫ ከተማ የጠጅ ቤታቸውን ስም ያስጠራው ጠጅ ከምን እንደሚጣል ጠፍቷቸው ነው? ጠጁን የምትጥለው ራሷ ፈትለወርቅ ናት፤ እሷን ጠይቁ። የጋይንቱ የአደይ አበባ ማር መልኩን ያሳምረዋል። የእስቴው የኑግ ማር ያወፍረዋል። አረፋውን እስከ ብርሌው አንገት የሚያወጣው፣ ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርገው ግን ሙሉቀን ግራር ላይ ከሰቀላቸው ቀፎዎች ቆርጦ የሚያመጣው ጠቆር ያለ ማር ነው። አቶ በላይነህ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «የጋይንት ማር ነው» ይላሉ። ሙሉቀንም አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ ዝም!

እሷን ያሳረራት ይኸው ዝምታው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ መጀመሪያ ማር ይዞ የመጣ ቀን፣ በጣቷ ቀምሳ «ንቦችህ ቁጡ ናቸው መሰለኝ» ብትለው፣ ቀና ብሎ አይቷት «ሰው ይመርጣሉ» ነበር ያላት። ያን ጊዜ የወደደችው አንደበቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንስራውን ሲያቀብላት ጣታቸው ይነካካል፤ እሱ ዓይኑን ይሰብራል፣ እሷ ቶሎ አትለቅም።

እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌዎቹ ተዋርደው በተመለሱ በሳምንቱ እንደ ወትሮው ማሩን በአህያ ጭኖ ከች አለ። ፈትለወርቅ ከአጥሩ ጀርባ ጠበቀችው።

«ምንም እንዳልተፈጠረ ልታወርድ ነው?»

«አባትሽ ናቸው። ምን ልበላቸው?»

«ጠጅዎ የቆመው በእኔ ማር ነው በላቸዋ። ለማርህ አፍ የሌለህ ሰው ለእኔ ከየት ታመጣለህ?»

ሙሉቀን አህያውን አዙሮ፣ ጭነቱን ሳያወርድ፣ በመጣበት መንገድ ሄደ። እሷም አላስቀረችውም። ቤት ገብታ ግን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አቶ በላይነህ እሰይ አሉ። ለጥር ሃያ አንዱ የማርያም ዝክራቸው በሚጣለው ጠጅ ውስጥ የስማዳ ማር ጠብታ እንዳይገባ አዘዙ። ፈትለወርቅ ልትሟገት ትችል ነበር። «እሺ አባባ» ብቻ አለች፤ የጋይንቱንና የእስቴውን በርዛ፣ ጌሾውን ጨምራ፣ ጋኑን በጥንቃቄ ከደነች።

የዝክሩ ዕለት ቤቱ ሞላ። ከጋይንቱ ቤተ ልሔም ደብር የመጡት መሪጌታ ጸጋዬ ባርከው አንድ ጊዜ ተጎነጩና ብርሌውን መለስ አድርገው አዩት። አረፋ የለም።

«አቶ በላይነህ፣ ይኸ ጠጅ ነው ወይስ ብርዝ?» አሉ።

እንግዳው በነጠላው ሥር ሳቀ። አቶ በላይነህ ፊታቸው ደም መስሎ ጓዳ ገቡ።

«ምን አደረግሽው?»

«ያዘዙኝን ነዋ። ቆለኛ አይግባበት ብለው የለ? አልገባበትም።»

እጃቸውን አነሱ፤ መልሰው አወረዱት። አረፋው ከስማዳው ማር እንደሚመጣ እሳቸውም ከእሷ እኩል ያውቁታልና ምን ይበሉ? በሳምንቱ ሙሉቀን ማሩን ይዞ እንዲመጣ ወደ ስማዳ ሰው ላኩ።

ሙሉቀን በሁለተኛው ቅዳሜ መጣ። ጠጅ ቤቱ በገበያተኛ ጢም ብሏል። አቶ በላይነህ ደጅ ወጥተው፣ ዓይኑን ሳያዩ፣ እንዲያወርድ ነገሩት። ሙሉቀን የጭነቱን ገመድ ጨብጦ ቆመ። ድምፁ ውስጥ ድረስ ይሰማ ነበር።

«አላወርድም። መጀመሪያ ይኸ ማር የማን እንደሆነ ለሰዎቹ ይንገሩልኝ።»

ጠጪው ሁሉ ወደ ደጅ አንገቱን አሰገገ። ፈትለወርቅ በሩ ላይ ብቅ አለች። አቶ በላይነህ አህያውን አዩ፣ ጠጪውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«የስማዳ ማር ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«የማን?» አለች ፈትለወርቅ።

አቶ በላይነህ ሙሉቀንን ቀና ብለው አዩት።

«የአማቼ ነው።»

ፈትለወርቅ እንባዋ መጣባት፤ ንዴቷ ግን ገና አልበረደላትም ነበር። ወደ አህያው ሄዳ ገመዱን ከሙሉቀን እጅ ነጠቀችና ራሷ መፍታት ጀመረች።

«ይችን ለማለት ሦስት ዓመት?» አለችው፤ እሱም እንስራውን ሲያቀብላት ጣቷን አልለቅም አለ።