ከሰዓት በኋላ የሚቋረጠው መስመር

በ1975 ዓ.ም. ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚሄደው የስልክ መስመር መጥፎ አመል አመጣ። ጠዋት ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ከስሜን ተራሮች መውረድ ሲጀምር፣ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ይቋረጣል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፤ ደግሞ ይቋረጣል። የታመመ ዘመዱን ለመጠየቅ ከሩቅ የመጣ ገበሬ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ይመሽበታል።

ስድቡን የምትቀበለው ስንቄ ነበረች። ስንቄ የደባርቅ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ናት፤ የመሪጌታ ተክለ ማርያም የመጨረሻ ልጅ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ዝምተኛ ናት ይሏታል። ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ስታገናኝ ውላ ማታ የራሷን የምትነግረው ሰው አልነበራትም።

በከተማው አዲስ የተሾመ አንድ የጸጥታ ኃላፊ ነበር። ሽቦው በራሱ ይቋረጣል ቢሉት አላመነም። ጫካ ያሉት ታጣቂዎች በውስጥ ሰው እያስቆረጡት ነው አለ። የስልክ ቤቱን አለቃ አቶ ሀብተ ሚካኤልን አስጠርቶ፣ መስመሩ ካልተስተካከለ ከሠራተኞቹ አንዱ ተጠያቂ እንደሚሆን ነገራቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የተወሰደ ሁሉ አይመለስም ነበር። አቶ ሀብተ ሚካኤል ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡና፣ ከዳባት የመስመር ሠራተኛ እንዲላክ አደረጉ።

ሠራተኛው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደወለ። የደወለውም ከቤት ሳይሆን ከስልክ እንጨት ላይ ነበር፤ መሞከሪያ ስልኩን በሽቦው ላይ ሰክቶ።

«ደባርቅ? አይቸው እባላለሁ፣ ከዳባት ነኝ። እባክዎ ዝም አይበሉ። የሚቋረጥበትን ለማግኘት የሰው ድምፅ እየሰማሁ መሄድ አለብኝ።»

«ምን ልበል?»

«የፈለጉትን። ድምፅዎ ከተቆረጠብኝ ብልሽቱ በእኔና በእርስዎ መካከል ነው። ካልተቆረጠብኝ አልፌዋለሁ ማለት ነው።»

ስንቄ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበበችለት። እሱ ሲያልቅ ከአባቷ የተማረችውን ዳዊት ደገመችለት። በሦስተኛው ቀን የምትለው ጠፋትና ስለ እናቷ ጀመረች። ሳታስበው ነው የጀመረችው። እናቷ እንዴት እንደ ታመመች፣ ሐኪም ቤት ለመድረስ መኪና ሲጠብቁ እንዴት እንደ መሸ፣ እሷ ትንሽ ልጅ ሆና የእናቷን እጅ ይዛ እንደ ተቀመጠች አወራችለት። ሰው ፊት ቢሆን አታወራውም ነበር።

ነፋሱ ሲነሳ ድምፁ ይጠፋል። ሲመለስ አይቸው ከቆመችበት ያስጀምራታል። «እጇን ይዘሽ ነበር የተቋረጠው» ይላታል። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። «እርስዎ» የቀረው በየትኛው ቀን እንደ ሆነ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

እንዲህ እያለ ከዳባት ወደ ወቅን፣ ከወቅን ወደ ደባርቅ፣ ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው እየወጣና እየወረደ ቀረበ። በእያንዳንዱ ቀን ድምፁ ትንሽ እየጠራ መጣ። ከእንጨቱ ላይ ሆኖ ስለሚያየውም ይነግራት ጀመር፤ የገብስ አጨዳውን፣ ጭጋግ የሸፈነውን ገደል፣ ከሥሩ ቆመው «ሌባ ነህ?» እያሉ የሚጠይቁትን ሰዎች።

አንድ ቀን ነፋሱ የስልክ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ዋለ። ስንቄ አንድ ረጅም ታሪክ ጀምራ እስከ መጨረሻው አወራችው። አልተቋረጠም።

«አለህ?» አለችው።

«አለሁ። አልፌዋለሁ፤ ብልሽቱ ከኋላዬ ነው።»

ደስ ያለው አይመስልም ነበር። እሷም ደስ አላላትም። እንጀራቸውን አደጋ ላይ የጣለው ነገር ሊገኝ ተቃርቦ፣ ሁለቱም እንደ ተረታ ሰው ስልኩን ሳይዘጉ ቆዩ።

በማግስቱ አገኘው። ከወቅን ወዲህ ካለ አንድ እንጨት አጠገብ፣ ሽቦ ከሽቦ የተጋጠመበት ቦታ ነበር። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ውስጡን ዝገት በልቶታል። ነፋስ ሲያወዛውዘው ይለያያል፣ ሲረጋ ይገናኛል። ቆርጦ አዲስ መጋጠሚያ ሠራለትና፣ የሠራውን ለማስመዝገብ ደባርቅ መጣ።

ስንቄ ረጅም ሰው ነበር የጠበቀችው። በሩ ላይ የቆመው አጠር ያለ፣ ፊቱን ፀሐይና ብርድ የላጠው ወጣት ነው። ባርኔጣውን በእጁ ያሻል። ለሳምንታት ሲያወሩ የከረሙት ሁለት ሰዎች «ደህና ዋሉ» እንኳ ለመባባል አፈሩ። አቶ ሀብተ ሚካኤል አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩና፣ ጉዳይ እንዳላቸው ሁሉ ወደ ውጭ ወጡ።

ከዚያ በኋላ አይቸው እሑድ እሑድ ከዳባት ይመጣ ጀመር። እሷ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ከከተማው ወጣ ብለው መሬቱ በሊማሊሞ በኩል ወደ ታች እስከሚወርድበት ድረስ ይሄዳሉ። ፊት ለፊት መተያየቱን እስኪለምዱት ጎን ለጎን እየሄዱ ነበር የሚያወሩት።

ማን እንደ ሆነ የነገራት እዚያ ነው። ወላጆቹ ከዳባት በታች ባለ መንደር የሚኖሩ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ አባቱ አባ ይግዛው ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ይህን ብሎ ፊቷን ሳያይ ጠበቀ። በከተማው ስለ ቀጥቃጭ ልጆች ምን እንደሚወራ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«አውቄያለሁ» አለችው ስንቄ። «ያን ሁሉ ሰሞን ቅዳሜ ደውለህ አታውቅም።»

ቤተሰቦቻቸው ግን እንዲህ አልቀለላቸውም። መሪጌታ ልጃቸውን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ልጁ ጨዋ መሆኑን እንደ ሰሙ፣ ነገር ግን እሺ ቢሉ ነገ ከማን ጋር ማኅሌት እንደሚቆሙ፣ ሲሞቱስ ማን እንደሚፈታቸው ጠየቋት። አባ ይግዛውም በበኩላቸው፣ አባቶቻቸው በስንት መከራ የጠበቁትን ሕግ በእሳቸው ልጅ እንዳይፈርስ ለመኑ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይተው አያውቁም፤ ቃላቸው ግን አንድ ነበር። ወጣቶቹም እንቢ ብለው አላመፁ፣ እሺ ብለውም አልተለያዩ። ከአንድ ዓመት በላይ እሑድን እየጠበቁ ኖሩ።

በ1976 የዳባት ዙሪያ የቤተ እስራኤል መንደሮች መሳሳት ጀመሩ። ትናንት ጭስ የወጣበት ቤት ዛሬ ተዘግቶ ይገኛል። በጠገዴ በረሃ አድርገው በእግር ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ይሄዳሉ ይባል ነበር። የተያዘ ይታሰራል፤ ያልተያዘውንም በረሃው ይበላዋል። ከጥምቀት በኋላ አይቸው የእሱም ወላጆች ለመሄድ መቁረጣቸውን ለስንቄ ነገራት። ሁለቱም አርጅተዋል። ብቻቸውን ሊለቃቸው አይችልም።

«እኔስ?» አለችው።

«መንገዱ ሰው ይገድላል፣ ስንቄ። ነይ ለማለት አፌ እንቢ አለኝ።»

«እንግዲያው እኔ ልበለው። እሄዳለሁ።»

ነገሩን ያቀለለችው ይህን የሰማችው እናቱ በለጠች ነበረች። ከልጄ ጋር በረሃ ለመግባት የቆረጠች ልጄ ናት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል አለች። አባ ይግዛውም አልከለከሉም። የሚወጡበት ቀን ተቆረጠ። ስንቄ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ለባልደረባዋ ለሸጊቱ አስረክባ፣ በእህል ጭነት መኪና ዳባት ትወርዳለች፤ አይቸው ከገበያው በታች ካለው ድልድይ አጠገብ ይጠብቃታል፤ ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር ከሌሎቹ ጋር ይነሳሉ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ከቤት ስትወጣ አባቷ መጽሐፍ ላይ አጎንብሰው ነበር። ጉልበታቸውን ሳመችና ወጣች። እንደ ወትሮው መረቋት።

ሸጊቱ በሰዓቷ መጣች። መኪናው ውጭ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ስንቄ ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ እቃዋን ልታነሳ ስታጎነብስ የጸጥታ ኃላፊው ገባ።

«ዳባት ሚሊሺያ» አለ ቆሞ። «አሁኑኑ። ዛሬ ሲመሽ ወደ ጠገዴ የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ መንገዳቸው ላይ ያለው የወንዝ መሻገሪያ ይዘጋ።»

የራሱ መኪና ወደ ሊማሊሞ ወርዷል፤ ከዚህ ስልክ በቀር ሌላ መገናኛ አልነበረውም። ወደ መነጋገሪያው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ሸጊቱ ነጠላዋን አውልቃ ወንበሩን ልትይዝ ቀረበች። ደግ ልጅ ናት፤ የታዘዘችውን ታገናኛለች።

ስንቄ በመስኮቱ በኩል የጭነት መኪናውን አየች። ሾፌሩ እንደ ገና ነፋ። አሁን ብትወጣ አይቸውን ታገኘዋለች፤ አብረውም ይያዛሉ። እሱ፣ አባትና እናቱ፣ ስማቸውን የማታውቃቸው ልጆች ያዘሉ ሴቶች።

«ሸጊቱ፣ ዛሬ ያንቺን እኔ እሠራልሻለሁ» አለቻት። «ሂጂ፣ እረፊ።»

ሸጊቱ ገርሟት አመስግና ሄደች። ስንቄ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና የዳባትን ገመድ በማገናኛው ሰሌዳ ላይ ሰካች። ከወዲያ «ሃሎ» ሲባል ኃላፊው ጮኾ ጀመረ፤ ሦስት ቃል ሳይል ገመዱን በስሱ ሳብ አደረገችው። ጠፋ። መልሳ ሰካችው፤ «ዳባት ነው፣ ማን ልበል?» ሲል ደግሞ ሳበችው። መስመሩ ድሮ እንዴት ይታመም እንደ ነበር ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በየስንት ጊዜው እንደሚጠፋ፣ ሲመለስ እንዴት እንደሚንሾካሾክ ታውቃለች። ኃላፊው ከክፍሉ ወጥቶ ሲቆጣ፣ ነፋሱ ተነስቷል ጌታዬ፣ የዱሮው ብልሽት ተመልሶ ነው አለችው።

የጭነት መኪናው ጥሩምባ ለሦስተኛ ጊዜ አልተሰማም። ሄዷል።

እስኪጨልም እንዲህ ቆየች። ኃላፊው ተስፋ ቆርጦ፣ በሩን አጋጭቶ ሲወጣ፣ ከሰሌዳው ላይ እጇን አንስታ ፊቷን ሸፈነች። አይቸው ድልድዩ አጠገብ ቆሞ መንገዱን እያየ እንደ ነበር ታውቃለች። ለምን እንደ ቀረች ግን እሱ አያውቅም፤ የምትነግርበት መንገድም አልነበራትም።

በማግስቱ ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ሲነፍስ መስመሩ አንዴም አልተቋረጠም። ኃላፊው ይህን አስተዋለ። ማስረጃ ባያገኝም ስንቄን ጎንደር አሳሰራት።

መሪጌታ በየሳምንቱ ስንቅ ይዘው ከደባርቅ ይወርዱ ነበር። ስለ ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ አልጠየቋትም። አንድ ቀን ግን ጠባቂው ራቅ ሲል ጎንበስ ብለው፣

«መስመሩን ያቋረጥሽው አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ዳቦውን ለመቁረስ ሞከሩ፤ ጣታቸው እንቢ አላቸው። «ብዪ» አሉ በመጨረሻ። «ብቻ ብዪ።»

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ፈቷት። ከስልክ ቤት ተባራ ነበርና በደባርቅ ልብስ ሰፊ ሆነች። ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ሽማግሌ ልከው ነበር፤ አልፈለገችም። አባቷ አላስገደዷትም። እሳቸው ሲያርፉ የደብሩ ካህናት ሁሉ መጥተው ፈቷቸው፤ ስንቄም ለዚህ ብቻ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

በ1983 መግቢያ፣ የቀሩት ቤተ እስራኤል ወደ አዲስ አበባ በሚጎርፉበት ጊዜ፣ አንዲት ሴት ወደ ስንቄ የልብስ ስፌት ቤት ገባች። ታየች ትባላለች፤ የአይቸው አክስት ናት። በጎቿን ሸጣ፣ ቤቷን ዘግታ መነሳቷ ነው። ሳትሄድ ስንቄን ማየት ፈልጋ ከዳባት መጥታለች።

ስንቄ ወንበር ሰጠቻትና መስፋቱን አቆመች። ታየች የሰማችውን ሁሉ ቀስ ብላ ነገረቻት። አባ ይግዛው ሱዳን ድንኳን ውስጥ ሞቱ። በለጠች ግን ኢየሩሳሌም ደርሳለች። አይቸውም ደርሷል፤ አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ እዚያም የስልክ ሥራ ነው የያዘው።

«ያን ለት መሪዎቹ እስኪቆጡት ድረስ ጠበቀሽ» አለች ታየች። «ኋላም ተጠቁመው እንደ ነበር ሰሙ። መሻገሪያው ላይ ግን ማንም አልነበረ። እግዚአብሔር ዓይናቸውን ያዘልን ይላሉ።» ወደ ስንቄ ቀረብ አለች። «እሱ ግን ፈርተሽ እንደ ቀረሽ ነው የሚያውቀው። አልፈረደብሽም። እንዲያው ስምሽን አያነሳም።»

ስንቄ መርፌውን ከጨርቁ ላይ ነቀለች፣ መልሳ ሰካችው።

«ምን ብዬ ልንገረው?» አለች ታየች። «አገኘዋለሁ እኮ።»

ብዙ የሚባል ነገር ነበር። ጎንደር ያሳለፈችውን፣ የጭነት መኪናውን፣ የአባቷን ጣቶች። ሁለት ልጆች ላሉት ሰው ይህን ሁሉ ማሸከም ምን ይጠቅማል ብላ አሰበች። ጨርሶ ዝም ማለት ደግሞ አልቻለችም።

«ያን ለት ከሰዓት በኋላ ተረኛ ነበርሁ፣ በይልኝ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። እሱ ይገባዋል።»

ታየች አልገባትም፤ ግን አልጠየቀችም። ስንቄ እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻት፤ በመስኮት በኩልም እጇን ያዘቻት። ታየች ቃሉን እንዳትረሳው በሹክሹክታ ትደጋግመው ነበር፤ አውቶቡሱ ወደ ጎንደር ሲንቀሳቀስም ከንፈሯ አላረፈም።