ዱላውን ትተሽ ጉልበቴን እዪ

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ሥራነሽ ከቁይ ገበያ ስትመለስ አህያዋ ቁልቁለቱ ላይ ተደናቀፈችና የተጫነችው ገብስ ተንሸራቶ ወደቀ። አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳው ጭነት አልነበረም። ቢሆንም አጎንብሳ ያዘችው።

«እንደዚያ አታንሺው! ወገብሽን ትሰብሪዋለሽ» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ዞር ስትል ረጅም ወጣት አየች። የከተማ ጃኬት ለብሷል። በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ቀጭን፣ ረጅም ነገር በትከሻው አንግቷል።

«ታዲያ በምን ላንሳው? በጸሎት?»

«በጉልበትሽ። እጠፊውና ዝቅ በዪ፤ ከዚያ ቀጥ ብለሽ ተነሺ።»

«ሐኪም ነህ ወይስ የአህያ ነጋዴ?»

ወጣቱ ሳቀና በሌላው በኩል ዝቅ አለ። አብረው ሲነሱ ጭነቱ የቀለለ መሰላት። እስከ ወንዙ ድረስ እኩል ወረዱ። እሱ የአህያዋን ዳተኝነት እያየ ሲቀልድ፣ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ፣ መንገዱ ማለቁን አላወቁትም።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ሥራነሽ።»

«የማን ልጅ?»

«የገዳሙ።»

ወጣቱ ቆመ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ውኃውን አየ፣ አህያዋን አየ፣ እሷን ግን አላያትም።

«አንተስ?» አለች፣ መልሱን እየፈራች።

«ውበቱ እባላለሁ። የወልደ ሰንበት ልጅ ነኝ።»

እዚያው ተለያዩ። እሱ ወደ ታች ቤት፣ እሷ ወደ ላይ ቤት ሄዱ። ሁለቱን መንደሮች የሚለያቸው ያ ወንዝ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በድንበር ጠብ የሥራነሽ አባት ገዳሙ ወልደ ሰንበትን በዱላ መታው። ወልደ ሰንበት በሦስተኛው ቀን ሞተ። ገዳሙም እስር ቤት ሳለ ታሞ አረፈ። ሽማግሌ ገባ፤ መስቀል ተይዞ ሁለቱ ወገን ማለና ደሙ ደረቀ ተባለ። በመሐላው ቀን ግን የሟች ልጅ አልነበረም። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር።

«ያልማለ ሰው አለ» ትል ነበር የሥራነሽ እናት ወለተ ሰንበት፣ በየዓመቱ። «እሱ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፌ ግማሽ ነው።»

እንግዲህ መጣ።

«ምን ይዟል አልሽ?» አለች ወለተ ሰንበት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«ረጅም ነገር። በከረጢት የተጠቀለለ።»

«ይህን ያህላል?» እጆቿን ዘረጋች።

«ይህን ያህላል።»

«ጠመንጃ ነው። አፈር በበላሁ!» በዚያው ቀን የልጇን የአስማማውን መኝታ ከግድግዳው አራቀችው። የበሩንም መወርወሪያ በወፍራም እንጨት ለወጠችው።

አስማማው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ለእናቱ አንድ ወንድ። ሳቀባት። «እማዬ፣ ሊገድለኝ የሚፈልግ ሰው የእኅቴን ገብስ ይጭናል?»

«እኅትን የሚያስቀው ወንድምን ሊያዘናጋ ነው!»

ሥራነሽ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጋለ። የመንገዱን ሳቅ ለማንም ተናግራ አታውቅም። እናት ግን እናት ናት፤ ያልተነገራትን ታውቃለች።

ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ የባሰ ወሬ መጣ። ታች ቤቶች ለገና ጨዋታ ውበቱን መረጡት። አስማማው ደግሞ የላይ ቤት ፊታውራሪ ነው። የገና ጨዋታ ቆልማማ ዱላ ይዘው፣ ሩር የምትባለዋን የቆዳ ኳስ እየመቱ የሚሽቀዳደሙበት ነው። በዚያ ቀን የተፈነከተ አይከስም፤ የፈነከተም ቂም አይያዝበትም።

«በገና ሜዳ የተመታ ሰው ማን ይጮህለታል?» አለች ወለተ ሰንበት። «ጨዋታ ነው ይሉና ይቀብሩታል። ጠመንጃ ምን ያደርግለታል? አገሩ ራሱ ዱላ ሰጠው። ልጄ፣ ዘንድሮ ይቅርብህ።»

«ፈራ እንዲሉኝ ነው?»

«ፈራ ይበሉህ! የፈራ ልጅ እራት ይበላል።»

አስማማው ግን እንቢ አለ። ሥራነሽ የሁለቱን ፊት አየችና በራሷ ዓይን ለማረጋገጥ ቆረጠች። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እንጨት ለቀማ ብላ ወንዙን ተሻገረች። ውበቱ በየቀኑ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ብቻውን እንደሚውል እረኞች ነግረዋት ነበር።

ግራዋ ሥር ተደብቃ አየችው። ከረጢቱን ፈታ። የወጣው ጠመንጃ አልነበረም። ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ያለው ቀጭን ዘንግ ነው። ብጫ የእምቧይ ፍሬዎች መሬት ላይ ደርድሯል። እግሮቹን ከፈት አደረገ፤ ጉልበቱን ላላ አደረገ፤ ወገቡን ወደ ቀኝ አዞረ። ከዚያ አንድ ነገር ሆነና ብረቱ አፏጨ። እምቧዩ ፈንድቶ ተበታተነ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ሥራነሽ እያንዳንዱን እምቧይ የወንድሟ ራስ አድርጋ ቆጠረችው።

«ግራዋው ዛሬ እግር አውጥቷል» አለ ውበቱ፣ ሳይዞር። «ጫማው ይታየኛል።»

መሸሽ አፈረች። ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ለወንድሜ ነው የምትለማመደው?»

ውበቱ ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጠና ሁለት እርምጃ ራቀው። እንዳትፈራ ብሎ መሆኑ ገባት፤ ግን ይህም ዘዴ ቢሆንስ ብላ ጠረጠረች።

«አዲስ አበባ ጎልፍ የሚሉት ጨዋታ አለ» አለ። «ስምንት ዓመት የተጫዋቾችን ዱላ ተሸክሜያለሁ። አንድ ሽማግሌ አስተማሩኝ፤ ስመለስም ይህችን አሮጌ ዱላቸውን ሰጡኝ። የመጣሁት እናቴ ዓይኗ ደክሞ ነው። እርሻውም ሰው ይፈልጋል።»

«ለጨዋታ ነው ይህን ያህል የምትደክም?»

«ሌላ የማውቀው ነገር የለማ። ሌላው ያገሬ ልጅ ሁሉ ቅኔ ሲቆጥር፣ ሲያርስ፣ እኔ ጉልበት ማጠፍ ተማርኩ።»

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች።

«ሞክሪው» አለ። እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ በእንጨት እያመለከተ ነገራት። እሷም በክንዷ ብቻ ሰነዘረችና እምቧዩን ስታ በእንብርክኳ ወደቀች።

«በእጅሽ መታሽ። እጅ የንዴት ነው። መጀመሪያ ክብደትሽ ወደ ቀኝ ይሂድ። ስትመለሽ ግራ ጉልበትሽ ይጀምር፣ ዳሌሽ ይከተል፤ እጅሽ መጨረሻ ይምጣ። እንደ በር ነው። ማጠፊያው ካልዞረ ሳንቃው ወዴት ይሄዳል?»

በአራተኛው እምቧዩ በረረ። ሥራነሽ ሳታስበው እልል አለች። ወዲያው ግን ዘንጉን ጥላ ዓይኑን አየችው።

«በእጁ የሚመታ በንዴት ነው አልክ። እንግዲያው በጉልበቱ የሚመታ አስቦ ነው። አስበህ ብትመታውስ?»

ውበቱ የወደቀውን ዘንግ አነሣ። «አልመታውም ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«አላምንህም።»

«እሺ። እንግዲያው በገና ዕለት ዱላውን ትተሽ ጉልበቴን እዪ። ዱላው ከመምጣቱ በፊት ጉልበት ወደሚሄድበት ይዞራል። በአፍ ይዋሻል። በዓይንም ይዋሻል። በጉልበት ሲዋሽ ያየሁት ሰው የለም።»

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት፣ በየሁለት ቀኑ ተመላለሰች። ለራሷ «ልሰልለው ነው» ትላለች። ግራዋ ሥር ተቀምጣ ጉልበቱን ታያለች፤ እሱ ከመምታቱ በፊት «ወደ ዛፉ»፣ «ወደ ድንጋዩ» ትላለች። ከዐሥር ዘጠኙን ታውቃለች። እሱም አንዳንዴ መምታቱን ይረሳና ዝም ብሎ ያያታል። 

ወደ ቤት ስትወጣ ግን ጥርጣሬው ወንዙ ዳር ይጠብቃታል። አባቴ አባቱን ገድሏል። ይህ ልጅ ለምን አይጠላኝም? የማይጠላ ሰው አለ? ወይስ እማዬ እንዳለችው እኔ ማዘናጊያው ነኝ?

የገና ዕለት ቅዳሴው ወጥቶ፣ የተበላው ተበልቶ፣ ሁለቱ መንደር ሜዳው ላይ ወጣ። ወለተ ሰንበት አሮጌ ጋቢ ቀድዳ፣ አራት አጥፋ፣ በአስማማው ራስ ላይ ጠመጠመችው።

«ሙሽራ አስመሰልሽኝ እኮ!» አለ አስማማው።

«ሙሽራ ያድርግህ። ዝም በል።»

ሴቶች ከሜዳው ዳር ተቀመጡ። ወጣቶቹ እየተሰዳደቡ፣ እየዘፈኑ ገጠሙ። «ታች ቤቶች፣ አህያችሁ ከእናንተ ይሮጣል!» ሲሉ፣ «አህያውን አሰልፉት እንግዲህ፤ እናንተ ደክሟችኋል!» ይመልሱላቸዋል። ሥራነሽ ሳቁን አልሰማችም። ዓይኗ ከሁለት ጉልበቶች ላይ አልተነሣም።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሩሯ ከሰው መሐል አፈትልካ ወጣች። ውበቱ ደረሰባት። እግሮቹን ከፈተ፤ ወገቡ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ዱላው ከትከሻው በላይ ወጣ። በዚያች ቅጽበት አስማማው ሊቀድመው ተወረወረ፤ የወንዙ ዳር እርጥብ ሣር አንሸራተተውና ሩሯ አጠገብ በግንባሩ ተደፋ። ጥምጥሙ ተፈትቶ በረረ።

ወለተ ሰንበት ጮኸች።

ሥራነሽ ዱላውን አላየችም። ግራ ጉልበቱን አየች። ጉልበቱ መዞር ጀምሮ ነበር፤ ወደ ሩሯ፣ ወደ ወንድሟ ራስ።  ከዚያም ያ ጉልበት መንገዱ ላይ ተሰበረ፤ ወደ ውጭ ተፈናጠረ፤ ዳሌው ሁሉ ተከትሎት ዞረ። ዱላው ከአስማማው ራስ አንድ ክንድ ርቆ ሣሩን ከነአፈሩ ገመሰው። ውበቱም ጉልበቱን ይዞ ወደቀ።

የላይ ቤት ልጆች ከበቡት።

«ሊገድለው ነበር!» አለ አንድ የላይ ቤት ሰው። «ሳተው እንጂ ሊገድለው ነበር!»

«የአባቱን ደም ሊመልስ ነው!»

ዱላዎች ተነሡ። ታች ቤቶችም ሮጠው መጡ። ሌላ ዘጠኝ ዓመት ሊጀመር ነበር።

ሥራነሽ ተነሥታ ሮጠች። በዚያ ሜዳ፣ በጨዋታ ቀን፣ ሴት ገብታ አታውቅም። ውበቱ ላይ ከተሰነዘረው ዱላ ሥር ገብታ ቆመች።

«አልሳተም!»

«ውጪ አንቺ!»

«አልወጣም! እናንተ ዱላውን ነው ያያችሁት። እኔ ጉልበቱን አይቻለሁ። መምሬ፣ ይምጡ፤ መሬቱን ይዩ!»

መምሬ ወልደ ገብርኤል ደሙን ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ሰውን በመቋሚያቸው እየከፈሉ ገቡ። ሥራነሽ ተንበርክካ በጣቷ አሳየቻቸው። የውበቱ ግራ እግር እርጥቡን መሬት ሰርስሮት ነበር። የተረከዙ ዱካ መጀመሪያ ወደ ሩሯ ይጀምርና ድንገት ወደ ሌላ ወገን ተጠማዝዞ ይወጣል።

«የሚስት ሰው እግሩ እንዲህ አይጠማዘዝም» አለች።  «እዚህ ላይ አይቶታል። እዚህ ላይ ራሱን ሰበረ።»

መምሬ ብዙ ጊዜ አጎንብሰው አዩ። «ልጅቱ እውነት ትላለች» አሉ።

«ይህን በምን አወቅሽ?» አለች ወለተ ሰንበት ከሰው መሐል። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

ሥራነሽ እናቷን አየች። መዋሸት አልቻለችም። «ሦስት ሳምንት ሳየው ከርሜ ነው፣ እማዬ።»

ከሴቶቹ በኩል ጉምጉምታ ተነሣ። ያን ጊዜ አስማማው አፈሩን ከፊቱ እየጠረገ ተነሣ። የወደቀውን ጥምጥም አንሥቶ የውበቱን ጉልበት አሰረለትና «ተደገፈኝ» አለው። «ከባድ ነህ ደግሞ። ለካ እኅቴ የምታየው ይህን ኖሯል!»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ። ዱላዎቹ ወረዱ።

ከፋሲካ በኋላ ውበቱ ሽማግሌ ላከ። ወለተ ሰንበት በቀላሉ እሺ አላለችም።

«መጀመሪያ ይማል። ያልማለ እሱ ነው።»

ውበቱ እያነከሰ መጥቶ መስቀሉን ያዘና ማለ። ወለተ ሰንበት ሲምል ፊቱን አላየችም። ጎንበስ ብላ የምታየው ጉልበቱን ነበር።

ሠርጉ በተከታዩ ዓመት ጥር ሆነ። ሙሽሮቹ እንደ ወጉ የወላጅ ጉልበት ሊስሙ ተነሡ። የውበቱን እናት ሳሙ። ወለተ ሰንበት ጋ ሲደርሱ ሥራነሽ ዝቅ አለች። ውበቱም ዝቅ ሊል ሞከረ፤ ያ ግራ ጉልበት ግን ከዚያች ቀን ወዲህ በደንብ አልታጠፍ ብሎታል። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። 

«ቆይ» አለች ወለተ ሰንበት። ከወንበሯ ተነሣች። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ቀስ ብላ አጎነበሰችና የአማቿን የታመመ ጉልበት ሳመች።

«ኧረ እማማ! ምን እያደረጉ ነው?» አለ ውበቱ ደንግጦ።

«ዝም በል፣ ልጄ» አለች፣ ሳትነሣ። «አንተ ያጠፍከው ይበቃል።»